የሙያ ኮድ ስማር፦ ስድስተኛው ሳምንት

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን የሠራነውን አስተያየን። 200 መልሶች ነበሩን። ከሰፈር፣ ከዘመድ፣ ከገበያ «ሥራዎ ምንድን ነው?» እያልን የሰበሰብናቸው ናቸው። ስም አልያዝንም። የያዝነው መልሱን ብቻ ነው፤ ሰውየው በአፉ እንዳለው። ልምምዱ በሕዝብ ቆጠራ እንደሚደረገው ለእያንዳንዱ መልስ ባለአራት አሃዝ የሙያ ኮድ መስጠት ነው። እሷ ለብቻዋ፣ እኔ ለብቻዬ ሠራን።

የተስማማነው በ118ቱ ነው።

ደነገጥኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ መመሪያውን ሳነብ ነው የከረምኩት። እሷም እንደዚያው። ከዚያ ያልተስማማንባቸውን 82 ለይተን አንድ በአንድ አየናቸው። አብዛኞቹ አንድ ቃል ናቸው። «ነጋዴ»። «ሹፌር»። «ገበሬ»። «ሠራተኛ»። «የግል ሥራ»። ከአንድ ቃል ኮድ አይወጣም። እኛ ግን አውጥተናል። እሷ በልቧ ላሰበችው ነጋዴ፣ እኔ በልቤ ላሰብኩት ነጋዴ ኮድ ሰጠን። እውነተኛው ነጋዴ መሀል ላይ ጠፋ።

አዲስ ለምትከታተሉ በአጭሩ ላስረዳ። የምንማርበት የዓለም ሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ ነው፤ አይስኮ ይሉታል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አራተኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2008 ተብሎ ይታወቃል። 10 ዋና ዋና ምድቦች አሉት። እነሱ ወደ 43፣ ከዚያ ወደ 130፣ በመጨረሻ ወደ 436 ይከፋፈላሉ። ኮዱ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠበበ ይሄዳል። ለምሳሌ 7531 ልብስ ሰፊ ነው። 7 የእጅ ሙያ ማለት ነው። 753 ሲደርስ የልብስ ሥራ ይሆናል። የመጨረሻዋ 1 ለክቶ የሚሰፋውን ለይታ ታወጣለች። ሌላው ነገር፣ የሚመደበው ሥራው ነው እንጂ መሥሪያ ቤቱ አይደለም። «ባንክ ነው የምሠራ» ያለኝ ሰውዬ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ 5414 ነው። ባንክነቱ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ላይ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴዋ ልመለስ።

«ነጋዴ ነኝ» ያለችኝ ሴት ሰፈራችን ማዞሪያው ላይ ጉልት ነው የምትሸጠው። እኔ ባለሱቅ ብዬ 5221 ሰጠኋት። ጓደኛዬ የመንገድ ላይ ሻጭ ብላ 9520 ሰጠቻት። እሑድ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማዳበሪያ አንጥፋ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ በመደብ ደርድራለች። በግራዋ በኩል ከሰል ተያይዟል፤ በቆሎ እሸት ትጠብሳለች። አንድ እጇ ያራግባል፤ ሌላው ሂሳብ ይቀበላል። በካርቶን ላይ ደግሞ ክብሪት፣ ሻማና ሶፍት አለ።

መመሪያውን እዚያው ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ገዢው ቤቱ ወስዶ የሚያበስለው ነው፤ ያ 5211 ነው። የተጠበሰው በቆሎ እዚያው ቆሞ የሚበላ ነው፤ እሱ 5212 ነው። ክብሪትና ሻማው ምግብ አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚሸጥ ከሆነ 9520 ነው። አንዲት ሴት፣ አንድ ማዳበሪያ፣ ሦስት ኮድ። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ከ5211 ወደ 9520 ሲኬድ ሰውየው ከአገልግሎትና ሽያጭ ምድብ ወጥቶ ዝቅተኛ ክህሎት ይጠይቃሉ ወደሚባሉት ሥራዎች ይወርዳል። ይህች ሴት በቃሏ የምትይዘውን የዱቤ ሂሳብ የሰማ ሰው እዚያ ሊመድባት እጁ አይታዘዝለትም።

«ብዙውን ጊዜሽን የሚወስደው የቱ ነው?» አልኳት።

«አሁን ክረምት ስለሆነ በቆሎው ነዋ! በበጋማ ሽንኩርቱ ነው» አለች።

ይህን መልስ ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩ። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአብዛኛው አገር የተካሄደው በግንቦት 1999 ነበር፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ በኅዳር 2000። በግንቦት ብትጠየቅ ይህች ሴት ሽንኩርት ሻጭ ናት። በነሐሴ ብትጠየቅ በቆሎ ጠባሽ። የቱም ውሸት አይደለም። በቆጠራው የሥራ ጥያቄ ላይ ያለችውን «ባለፉት ሰባት ቀናት» የምትለዋን ሐረግ እስካሁን እንደ ማሟያ ነበር የማያት። ለካ ሙያውን የምትወስነው እሷም ናት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የባጃጅ ሹፌር ከታክሲ ሹፌር ጋር 8322 ይመስላል፤ አይደለም። ባለሦስት እግር ሞተር ስለሆነ ከሞተር ሳይክል ጋር 8321 ነው። የታክሲ ረዳት 5112 ነው። ሊስትሮ 9510፣ ጋሪ ነጂ 9332። «ደላላ» ሲባል ተጠንቀቁ። የቤት ደላላ 3334 ነው። የሠራተኛ ደላላ 3333 ነው። እህል ወይም ከብት የሚያሻሽጠው 3324 ነው። «ሐኪም» ሲባልም እንደዚሁ። ሰዉ ነርሱንም፣ ጤና መኮንኑንም፣ ዶክተሩንም ሐኪም ይላል። ሦስቱም የተለያየ ኮድ አላቸው።

«ልብስ ስፌት» ለብቻው ሊታይ ይገባል። የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። ሰፈራችን ደግሞ በራቸው ላይ የሲንጀር መኪና ዘርግተው የሚሰፉ አባት አሉ። ሁለቱም «ልብስ እሰፋለሁ» ነው ያሉኝ። ሁለቱንም 7531 አልኳቸው። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ «ቀኑን ሙሉ ምን ምን ትሠሪያለሽ?» ስላት «እጅጌ» አለችኝ። እጅጌ ብቻ። ኮሌታውን ሌላ ሰው፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይሠራል። ይህ 8153 ነው፤ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር። አባትየው ግን ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይተኩሳሉ። 7531 እሳቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ብንደምራቸው ፋብሪካው ስንት ሠራተኛ እንደፈጠረም፣ የሰፈር ሰፊው እየቀነሰ መሆን አለመሆኑንም ማንም ሊያውቅ አይችልም።

«ገበሬ» የከበደኝ ከሁሉ በላይ ነው። አጎቴ ጤፍና ሽምብራ ያርሳል፤ ጥቂት ከብትም አለው። በዋናነት ለገበያ ከሆነ 6130 ነው። በዋናነት ቤቱ የሚበላው ከሆነ 6330 ነው። ደውዬ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ጤፉ ለገበያ ነው ወይስ ለቤት?»

«እሱማ እንደ ዓመቱ ነው ልጄ። ከበረከተ ይሸጣል፤ ካነሰ ይበላል።»

ይህ ጥያቄ ከኮድም አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባወጣው ትርጉም መሠረት በዋናነት ለራሱ ፍጆታ የሚያመርት ሰው ሥራ እየሠራ ነው፤ «ተቀጥሮ ወይም ለገቢ ከሚሠራው» ጋር ግን አይቆጠርም። ስለዚህ አጎቴ በዚህ ዓመት አንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በሚቀጥለው ሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሬዎቹ እነዚያው፣ መሬቱም ያው። እኔ ትርጉሙ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለቤት የሚደረገውን ሥራ ለብቻው እንዲታይ ያደርጋል። ግን ለእንደኛ ዓይነት አገር ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው በደንብ መሠልጠን አለበት።

የዚህ ሳምንት ትልቁ ትምህርቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያገኘሁት ነው። ቤተሰቡ ሸማኔ ነው። ባልየው «ሸማኔ ነኝ» አሉ፤ 7318፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ባለቤታቸውን ጠየቅኩ። «እኔማ ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ» አሉ። የቤት እመቤት ብዬ ጻፍኩ፤ ኮድ የለውም፣ ወደ ሙያው ክፍል አይገባም። ወጣሁ።

ማታ ደብተሬን ሳገላብጥ ሴትየዋ ሲመልሱልኝ እጃቸው ላይ ምን እንደነበር ትዝ አለኝ። እንዝርት። እያወሩኝ እየፈተሉ ነበር። አጠገባቸው ባዘቶ የሞላ ሰፌድ ነበር። በማግስቱ ተመለስኩ።

«እናቴ፣ ይሄ ፈትል የት ነው የሚሄደው?»

«ለሱ ነዋ። ድሩን ከገበያ ይገዛል። ማጉ የኔ ነው።»

«እርስዎ ባይፈትሉስ?»

«ታዲያ ምን ሊሸምን ነው?»

በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈትሉ ጠየቅኳቸው። ቡና ከጠጡ በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ፣ ወጥ እየሠሩም ጭምር። ነጠላው ይሸጣል። ስለዚህ የቤተሰብ ሥራ ላይ ያለ ክፍያ የሚረዱ ሠራተኛ ናቸው፤ ሙያቸውም 7318 ነው። ከባላቸው ጋር አንድ ኮድ። ይህን ስነግራቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ «እሱስ ልክ ነው» ብለው ልቃቂቱን አስቀመጡ።

ይህን ነው ከእናንተ ጋር መነጋገር የፈለግኩት። ስህተቱ የሚሠራው ኮዱ ሲሰጥ አይደለም፤ በር ላይ ነው። ቆጣሪው «ሥራ የለኝም» ሲባል አመስግኖ ከሄደ ቢሮ ያለው ሰው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ያንን እንዝርት ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ደብተሬ ላይ አሁን ሁለት መስመር አለ። አንደኛው የሥራው ስም፤ ሁለተኛው «በሥራው ላይ ዋና ዋና ምን ምን ይሠራሉ?»። ሁለተኛውን ሰውየው ባለው ቃል ነው የምጽፈው። እያጠርኩ አልጽፍም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሟል። ሲመጣ በታብሌት እንደሚሆን ነው ዝግጅቱ የሚያሳየው። ታብሌት ጥሩ ነው፤ ቅጽ አይጠፋም፣ ጊዜ ይቆጥባል። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ከዝርዝር ምረጥ የሚል ብቻ ከሆነ ቆጣሪው «ነጋዴ» ብሎ ይፈልግና የመጀመሪያውን ይነካል። የሰውየው ቃል የሚጻፍበት ቦታ መኖር አለበት።

በሁለቱ መስመር 60 አዲስ መልሶች ሰብስበን እንደገና ሞከርን። በ53ቱ ተስማማን። የቀሩት ሰባቱ በእውነት የሚያከራክሩ ናቸው። አንዱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከመምህራን ወገን ነው ወይስ ከሃይማኖት አገልጋዮች? ሁለቱ ደግሞ ተራ አስከባሪዎች ናቸው። እኔ 9629 ሰጠሁ፤ ሌላ ቦታ ያልተመደበ ጉልበት ሥራ። ጓደኛዬ ታርጋ እየመዘገበ መኪና በተራ የሚያስወጣ ሰው የትራንስፖርት ጸሐፊ ነው ብላ 4323 አለች። ደብተር ይዘው አይቻለሁ። ምን እንደሚጽፉበት ግን አልጠየቅኩም። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ተራው ሄጄ እጠይቃለሁ።