ከአባይ በረሃ እስከ ጋሼ ሎሚ

መጋቢት ላይ ነው የሄድኩት፤ ምድሩ ሁሉ ሲደርቅ። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ግራጫ ሆኗል። አልፎ አልፎ ግን ከአንዱ ዛፍ አናት ላይ የወፍ ጎጆ የመሰለ ድቡልቡል አረንጓዴ ነገር ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በመስኮት እያዩ «ተመስገን፣ ይኸኛውስ ለምልሟል» አሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የለመለመው ግን ተቀጽላው፣ ዛፍ ላይ በቅሎ የዛፉን ውሃ የሚጠጣው ተክል ነው እንጂ ዛፉ አይደለም።

ደንበጫ ስደርስ አጎቴ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አያቴ የተከሏት ሎሚ ታማለች። ድሮ ለጎረቤት ሁሉ የምትተርፍ ነበረች፤ አሁን ፍሬዋ የበቆሎ ፍሬ ቢበልጥ ነው፣ እሱም ሳይበስል ይረግፋል። «እርጅና ነው መሰል» አሉ ጋሼ።

ዛፏ ላይ ወጣሁና አየኋት። የእጄን አንጓ የሚያክል ቅርንጫፍ መሀሉ ላይ እንደ ጉልበት አብጧል፤ ከእብጠቱ ላይ ተቀጽላው ወፍራም ቅጠሉንና ቱቦ መሳይ ቀይ አበባውን ዘርግቶ ተንሰራፍቷል። ከእብጠቱ ወደ ግንዱ ያለው እንጨት እርጥብ ነው። ከእብጠቱ ወዲያ እስከ ጫፉ ያለው ደርቋል፤ ሳጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የተቀጽላውን ፍሬ በሁለት ጣቴ ጨምቄ ሳላቅቅ ሙጫው ስንዝር የሚሆን ክር ሠርቶ ተከተለኝ።

የመዛመቱ ነገር ያለው እዚህ ሙጫ ላይ ነው። ፍሬውን ከድንቢጥ የምታንስ ወፍ ትበላና የተጣበቀባትን ዘር ለማራገፍ ምንቃሯን ቅርንጫፍ ላይ ታብሳለች። ዘሩ አፈር አይፈልግም። እዚያው ይበቅላል፣ ቅርፊቱን በስቶ የዛፉ ውሃ እስከሚወጣበት እንጨት ይገባል። ቅጠል ስላለው ምግቡን በፀሐይ ራሱ ይሠራል፤ ውሃውንና ማዕድኑን ግን ከዛፉ ይስባል። ለመሳብ ደግሞ ከዛፉ የበለጠ ውሃ በቅጠሉ ማትነን አለበት። በደረቅ ቀትር ሎሚዋ ውሃ ለመቆጠብ የቅጠሏን ቀዳዳ ስትዘጋ እሱ መጠጣቱን አይተውም። ስለዚህ ጉዳቱ የሚከፋው በበጋ ነው፤ ፍሬው የሚያንሰውም የሚረግፈውም ለዚህ ነው።

«በየዓመቱ እገነጥለዋለሁ፣ በየዓመቱ ይመለሳል» አሉ ጋሼ። አንዱን እብጠት በመጋዝ ሰንጥቄ አሳየኋቸው፤ የተቀጽላው ሥር እንጨቱ ውስጥ ገብቶ በቀለሙ ተለይቶ ይታያል። አረንጓዴውን መገንጠል ሣርን እንደ ማጨድ ነው። ቅርንጫፉን ከእብጠቱ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ግንዱ ገባ ብለን ቆረጥን፤ አምስት ቅርንጫፍ ወረደ። አንዱ ተቀጽላ ከግንዱ ላይ ስለበቀለ እሱን መቁረጥ አይቻልም፤ ቅጠል ባወጣ ቁጥር እየለቀሙ ማዳከም ብቻ ነው። ፍየሎቹ የወረደውን ተሻሙበት። ጎረቤት እናት ደግሞ መጥተው «የሎሚ ተቀጽላ ነው? ትንሽ አስቀሩልኝ፣ ለመድኃኒት» አሉ። በአገራችን ተቀጽላ የሚፈለገው በበቀለበት ዛፍ ስም ነው፤ የግራሩ ሌላ፣ የብሳናው ሌላ።

ጋሼ መጋዙን ከያዙ አይቀር አጥሩ ላይ ያለውን ትልቅ ግራርም ሊያጸዱት ፈለጉ። እሱን ይተዉት አልኳቸው። ጤነኛ ትልቅ ዛፍ ሁለት ሦስት ተቀጽላ ተሸክሞ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ የሚጎዳው ሲበዛበትና ድርቅ ሲያገኘው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፦ ከደን ተቀጽላውን ሁሉ ቆርጠው ባነሱበት ቦታ በሦስት ዓመት ውስጥ የወፍ ዝርያ ከአምስት አንድ ያህል ቀነሰ። አበባውን የሚቀስሙ፣ ፍሬውን የሚለቅሙ፣ ውስጡ ጎጆ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ሎሚዋንም ያሳመማት የዙሪያዋ ዛፍ ማለቁ ነው፤ ወፏ የምታርፍበት ሲጠፋ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን የቆመችው ላይ ታዘወትራለች።

በማግሥቱ ጠዋት ቡና ስንጠጣ ያቺ ወፍ መጣች። ከሎሚዋ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ምንቃሯን ወዲያና ወዲህ አበሰችና ሄደች። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ ቅርንጫፏ ላይ ቀይ ክር አሰሩባት። «ሰኔ ላይ አያታለሁ» አሉ።