እናታችሁን በዊልቸር ለምታስመጡ

«እናትህን ለምን አታስመጣትም? እዚያ አሜሪካ ብትሆን ዕድሜዋ ይረዝማል።» ከሐዋሳ የሚደወል ስልክ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ ስለ ዊልቸሩ እናውራ። ቋንቋ የማይችል ወላጅ ትራንዚት ላይ እንዳይጠፋ ብለን ትኬት ስንቆርጥ ዊልቸር እናስይዛለን። ማለዳ ገብርኤልን በእግሯ ሄዳ ስማ የምትመለስ ሴት፣ አንድ ጎረምሳ በእጁ «ቁጭ በይ» ብሎ ሲገፋት ምን እንደሚሰማት የሚያስብ የለም። አንዷ «እንደ ንግሥት አመጡኝ» ብላ ትስቃለች። ሌላዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ትደርሳለች፤ በሳምንቱ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ትጀምራለች። ጉልበቷ እኮ ያው ነው።

አየር መንገዱን ስታናግሩ መንገድ የሚመራ ሰው ብቻ የሚመደብበት «ሚት ኤንድ አሲስት» እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ፣ ደረጃ መውጣት ለሚችል ሰው የሚያዘው ዊልቸር ኮዱ «ደብሊው ሲ ኤች አር» ነው። መጨረሻው «ሲ» የሆነውን ካስያዛችሁ ተሸክመው እስከ ወንበሯ ያደርሷታል። ለእሷም ቀደም ብላችሁ «አስተርጓሚ ስለሚፈለግ ነው እንጂ ለእግርሽ አይደለም» በሏት።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆነ 660 የኦሃዮ ነዋሪዎች መካከል ስለ ራሳቸው እርጅና በጎ የሚያስቡት ከሌሎቹ 7.5 ዓመት ያህል በልጠው ኖረዋል። ልዩነቱ ጤናና ብቸኝነት ከሒሳቡ ወጥተው እንኳ አልጠፋም።

እኛ ግን 58 ላይ «እኛማ አርጅተናል» እንላለን፤ ትርጉሙ «ተነሥተህ ቦታ ልቀቅ» ነው። ፈረንጁ ደግሞ በ80 ዓመቱ አውቶቡስ ውስጥ ብትነሣለት ሊቀየምህ ይችላል። እናት ያንኑ «አርጅቻለሁ» ይዛ ትመጣለች። የሚነሣላት ሲጠፋ ቃሉ ብቻውን ይቀራል፤ እሷም ታምነዋለች።

ስለዚህ ከቪዛው በፊት ጠባይዋን እዩ። ሁሉም የሚፈራው ለዝምተኛዋ ነው፤ እሷ ግን እንዝርቷን ይዛ መስኮት ሥር ትለምዳለች። ቶሎ የምትሰበረው ዕድር የምታዘው፣ የሠፈር ጠብ የምታበርደው ናት። የምታዘው ሰው የለማ!

በታኅሣሥ አታስመጧት። በአሜሪካዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ ያን ጊዜ ፀሐይ የምትገባው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ግንቦት ይሻላል። የዕድሯን መዋጮ አታቋርጡ፤ ስሟ ከመዝገብ ተሰረዘ ማለት በሕይወት እያለች ተቀበረች ማለት ነው። የራሷን የቤት ቁልፍ ስጧት። አድራሻውን በወረቀት ጽፋችሁ ጋቢዋ ውስጥ ሳይሆን ሁሌ በምትይዘው ቦርሳ ክተቱላት፤ ጋቢው ይታጠባል።

አንድ ሰዓት ደግሞ አትንኩባት። በበረዶው ወራት ልዩነቱ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ የሐዋሳ ጎረቤቶቿ የ10 ሰዓቱን ቡና ሲያፈሉ ሚኒያፖሊስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እናንተ ልጆች ለትምህርት ቤት የምታጣድፉበት ሰዓት ማለት ነው። ስልኩን ቻርጅ አድርጋችሁ ስጧትና ካልሲውን ራሳችሁ አልብሱ።