ጁፒተር-12 በመኪና ግርግር

ዛሬ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎች በሞሉበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ዞርኪ 4 ካሜራዬን ከ35 ሚሊ ሜትሩ ጁፒተር-12 ሌንስ ጋር ይዤ ዋልኩ። ይህ የሶቪየት ሌንስ የጀርመኑን ቢዮጎን ሌንስ ንድፍ የተከተለ ነው። የኋላ መስታወቱ ወደ ካሜራው ሆድ ዘልቆ ፊልሙን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሬንጅፋይንደር (እንደ ዞርኪ ያለ፣ በሌንሱ ሳይሆን በተለየ መስኮት የሚታይበት ካሜራ) በውስጡ የሚገላበጥ መስታወት ስለሌለው ቦታው ክፍት ነው።

የብርሃን መመጠኛው ቀለበት ከሌንሱ አፍ ውስጥ ስለተቀመጠ ጣት አስገብቶ ማዞር ይጠይቃል። እኔ 8 ላይ አድርጌ፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ አስሬ ተውኩት፤ ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለጠባብ መንገድ ከዚህ የሚመች ነገር አላውቅም!

አንድ አባት ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ሲታጠብ አምጥተህ አሳየኝ» አሉኝ። አትሜ አመጣላቸዋለሁ።