ወገቤን ለማን ላስነካ?

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። የደብረ ብርሃንን ጥር ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ የቧንቧው ውሃ ጣት ያደነዝዛል። 25 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለ። ጀሪካኑን ለቅቄ እዚያው ተንበረከክሁ። ቀና ማለት አቃተኝ።

ያን ዕለት ቤታችን ብቅ ያለ ሰው ሁሉ የራሱን መላ ይዞ ነው የመጣው። እናቴ «ሞላሌ ሰው እንላክ፣ ያባትሽን ትከሻ የመለሱት ወጌሻ ዛሬም አሉ» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ «ይኼ ዲስክ ነው፣ አዲስ አበባ ወርደሽ ኤምአርአይ ተነሺ» ብላ ቁርጥ አደረገችው። ማታ ላይ ለንደን የምትኖረው እህቴ ደወለችና «ኦስቲዮፓት ብታገኚ ጥሩ ነበር» አለችኝ። ቃሉ ቤታችን ውስጥ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። እናቴ «ምንድን ነው እሱ?» ስትላት ትንሽ አሰበችና «የፈረንጅ ወጌሻ በይው፣ እማዬ» አለቻት።

በከፊል ልክ ናት። ኦስቲዮፓት በእጁ የሚያክም ሰው ነው። ጡንቻ ያሻል፣ መገጣጠሚያ ያንቀሳቅሳል፣ አንዳንዴ ቀጭ ያደርጋል። ሙያውን የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1864 ልጆቹን በማጅራት ገትር አጥቷል። የዘመኑ መድኃኒት ሊያድንለት አልቻለም፣ እሱም ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመረ። በ1874 ሐሳቡን ይፋ አደረገ፣ በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ኪርክስቪል በምትባል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በዚህ ዘርፍ የተመረቀ ሰው ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ ግን በዋናነት በእጁ ብቻ ነው የሚሠራው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ አለ፣ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ መጥራት አይችልም። መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ነው። እህቴም ኦስቲዮፓት ጋ ከመሄዷ በፊት መጀመሪያ ያደረገችው የሚያክማትን ሰው ስም እዚያ ማየት ነበር።

የመጀመሪያ ቀኗን ስትነግረኝ የገረመኝ ነገር አለ። ሰውየው እጁን ሳያሳርፍባት ረጅም ጊዜ ሲጠይቃት ቆየ። መቼ ጀመረሽ? ሌሊት ያነቃሻል? እግርሽ ይደነዝዛል? ሽንትሽ እንዴት ነው? ክብደት ቀንሰሻል? ከዚህ በፊት ካንሰር ነበረብሽ? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ከዚያ አቆማት፣ አስጎነበሳት፣ እግሯን አነሳ አወረደ፣ ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ያገኘውን ነገራት። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አስረዳትና «ይሁን?» አላት። ልብሷን እስከምን ድረስ እንደምታወልቅ ቀድሞ ነገራት፤ አብሯት ሰው እንዲገባ ከፈለገችም እንደምትችል። ይኼ ሁሉ ከአልጋው በፊት ነው።

እኔ ከዚህ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ሳይጠይቅ የሚነካ እጅ ወገቤን አይነካም። ኦስቲዮፓት ይሁን ፊዚዮቴራፒስት ይሁን ወጌሻ፣ ለእኔ መጀመሪያ የማየው ይኼን ሆነ።

እዚህ እኛ አካባቢ ኦስቲዮፓት አላገኘሁም። ያገኘሁት ፊዚዮቴራፒስትና ወጌሻ ነው። ፊዚዮቴራፒ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን መጥቀስ ይቻላል። ሥራው ከኦስቲዮፓት ጋር ብዙ ቦታ ይገናኛል፣ ልዩነቱ ወደ እንቅስቃሴ ያደላል። ወጌሻን ደግሞ ማናችንም እናውቀዋለን። ኳስ ስናይ እንኳ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባውን ባለሙያ ወጌሻ ነው የምንለው።

ስለ ወጌሻ በቀና ልብ መናገር እፈልጋለሁ። እኔ መንዝ ያደገች እናት ልጅ ነኝ። ገደል ለገደል በሚኬድበት አገር፣ ሐኪም ቤት የቀን መንገድ በነበረበት ዘመን፣ የአባቴን ትከሻ ወደ ቦታው የመለሰው የሰው እጅ ነው። ወለምታ አሽተው የሚያድኑ፣ ጣታቸው ዓይን ያለው የሚመስል አዛውንት አይቻለሁ። ግን ሌላም አይቻለሁ። የማውቀው ልጅ ክንዱ ተሰብሮ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሁለት ቀን «አመመኝ» ብሎ አለቀሰ፣ «ስብራት ያማል፣ ቻል አድርገው» ተባለ። ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ደም ሳያገኝ የቆየ እጅ ጋንግሪን ይሆንና እስከ መቁረጥ ያደርሳል፣ የአገራችን ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዝኑበት ነገር ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከታሰረ በኋላ ጣት ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያውን ያኔውኑ ፍቱና ሐኪም ቤት ሩጡ። ሌሊትም ቢሆን። ስብራት የተጠረጠረ ነገር መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።

ወደ ወገቤ ልመለስ። አራት ቀን መደብ ላይ ተኛሁ። ጥፋቴ እሱ ነበር። እናቴ በመቀነቷ ጥፍር አድርጋ ታስረኛለች፣ እኔ አልነቃነቅም፣ ወገቤ እንደ እንጨት ደረቀ። በአምስተኛው ቀን እንደምንም በባጃጅ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው። ቁጭ አድርጎ ጠየቀኝ፣ ልክ እንደ እህቴ ሰው። ስለ ሽንቴ ሲጠይቀኝ አፈርኩ። «አይዞሽ እህቴ፣ ይኼን ሳልጠይቅ ብነካሽ ነው የሚያሳፍረው» አለኝ። ያኔ ልቤ አረፈ።

ለምን እንደጠየቀኝ ላስረዳችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይኼን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የወገብ ሕመም ይዟችሁ ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጣችሁ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከመጣ፣ ይኼ የነርቭ መታፈን ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል ነው እንጂ ማንም ጋ መታሸት አይደለም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ተኝተው እንኳ የማይለቅ ሕመም ካለም መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። እኛ አገር ቲቢ አለ። ቲቢ ደግሞ ሳንባ ብቻ አይደለም፣ አከርካሪ ውስጥም ይገባል። በቲቢ የተበላ አከርካሪን «ቦታው ልመልሰው» ብሎ መጫን ሰው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። አጥንታቸው የሳሳ አዛውንት፣ ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ከከፍታ የወደቀ ሰውም እንዲሁ ናቸው።

የእኔ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር። ጡንቻው ነው የተቆጣው። ኤምአርአይ ያስፈልገኝ እንደሆነ ስጠይቀው አሁን አያስፈልግም አለኝ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱ ብዙዎቹ ላይ ዲስክ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ ፎቶው ብቻውን ሰውን ያስፈራል እንጂ ሕመሙን ሁልጊዜ አያስረዳም። በጥሬ ብር ስንት ከኪሴ እንዳተረፈልኝ አስቡት።

ሕክምናው ምን ይመስላል? ቀስ ብሎ አሸኝ፣ ዳሌዬን አንቀሳቀሰ፣ ወገቤን በጎን አስተኝቶ ጠምዘዝ አደረገኝና ቀጭ አለ። ደነገጥኩ። ድምፁ መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው፣ የወለቀ አጥንት ቦታው መግባቱ አይደለም። ድምፅ ባይሰማም ችግር የለም። «አጥንትሽ ተንሸራቶ ነበር፣ መለስኩት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጠርጠር አድርጉ። አንገት ላይ በድንገት ጠምዘዝ ማድረግን በተመለከተ ደግሞ እኔ እምቢ ብያለሁ። ጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም የአንገት ደም ሥር ተጎድቶ ስትሮክ የሚያመጣበት ጊዜ አለ፣ እምቢ ማለት ደግሞ መብት ነው።

በማግሥቱ ሰውነቴ እርሻ ስቆፍር የዋልኩ ያህል ዛለ። ቀድሞ ስለነገረኝ አልፈራሁም። አንድ ሁለት ቀን መዛል የተለመደ ነው፣ ከዚያ በላይ ከባሰ ግን መልሶ መደወል ነው። ወዲያው እንደ አዲስ እነሳለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ለወገብ ያለው ጥቅም መጠነኛ ነው። ድንገት የያዘ የወገብ ሕመም አብዛኛው በስድስት ሳምንት ገደማ ይሻላል፣ ታሸ አልታሸ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ መማርን፣ ማሸትንና አከርካሪን በእጅ ማከምን አካቷል፣ የወገብ ደጋፊ ቀበቶን ግን አይመክርም። የእናቴ መቀነት ሙቀቱ ደስ ይላል፣ እውነት ነው። ያዳነኝ ግን ልጁ የሰጠኝ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴና በየቀኑ በእግር ገበያ ደርሶ መመለሱ ነው።

ሌላው ስንት ጊዜ እንደምመላለስ መጀመሪያውኑ መጠየቄ ጠቀመኝ። «አራት ጊዜ እንሞክር፣ ካልተሻለሽ ወደ ሐኪም እጽፍልሻለሁ» አለ። አሥርና ሃያ ቀጠሮ ቅድሚያ አስከፍሎ የሚይዝ ሰው፣ ወይም የስኳሩንም የደም ግፊቱንም እኔ ጋ ተዉት የሚል ሰው፣ እኔ ጋ ቦታ የለውም። «ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም» ማለት የሚችል ሰው ነው የሚታመነው። እናቴ ስለ ሞላሌው ወጌሻ ስታወራ ያከበርኳቸው ለዚህ ነው፤ አባቴን ካዩት በኋላ ሌላውን ጎረቤት «ይኼ ከእኔ በላይ ነው፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት» ብለው መልሰውታል አለች።

ሦስት ጊዜ ሄጄ አራተኛው ሳያስፈልገኝ ቀረ። አሁን ደግሞ እናቴ ትከሻዋን ያዛት፣ ሻሿን ለማሰር እጇን ማንሳት አቃታት። «እማዬ፣ ሐሙስ እዚያ ልጅ ጋ እንሂድ» አልኳት። ስለ ትምህርቱም ስለ ዋጋውም አልጠየቀችኝም። በርኖሷን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ «እጁ ይሞቃል ወይ?» አለችኝ። ከመንካቱ በፊት እንደሚያሟሟቀው ነገርኳት።

«እንግዲያው ውሰጂኝ» አለች።