ሴትየዋ ብርድ ብርድ ብሏታል

ቪየና ውስጥ ሥራዬ ሰው ማጠብ ነው። እዚህ ሃይምሂልፈ ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ከቤት ቤት እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። 9 ዓመት ሆነኝ። ራቁት ገላ ለእኔ ብርቅ አይደለም። የተሸበሸበ ሆድ፣ የኦፕራሲዮን ጠባሳ፣ የወረደ ጡት፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚት፣ ሁሉንም በእጄ አውቀዋለሁ።

ሥዕል ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነበር። እንደመጣሁ ሰሞን የቋንቋ አስተማሪያችን ሙዚየም ወሰደችን። ራቁታቸውን የተሳሉት ሴቶች ጋ ስንደርስ እኔና አንዲት የአገሬ ልጅ ዓይናችንን ጣሪያው ላይ ሰቅለን አለፍን። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። እኛ ቤት ታላቅ እህቴ እንኳ ልብስ ስትቀይር "ዞር በይ" ትለኝ ነበር። ቀለም የተቀባ ገላ ማየት ኃጢአት መሰለኝ። ዓመት ሳይሞላኝ ሥራ ጀምሬ እውነተኛውን ገላ በሳሙና ሳጥብ ግን ምንም አልመሰለኝም።

ዓይኔን ከጣሪያው ያወረዱልኝ አንዲት እናት ናቸው። ዕድሜያቸው 86 ነው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ጨዋታቸው ግን አይጠገብም። አንድ ቀን ጀርባቸውን እያሸሁ "እንዴት ያለ ቀጥ ያለ ጀርባ ነው ያለዎት!" አልኳቸው።

"ይሄ ጀርባ እኮ የቤት ኪራይ ሲከፍል የኖረ ነው" አሉኝ።

ለካ በወጣትነታቸው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ፣ የሥዕል ተማሪዎች ፊት ራቁታቸውን ይቆሙ ነበር። ሥራውም ሥዕሉም በጀርመንኛ "አክት" ይባላል። የሚቆሙት ከወለሉ ከፍ ያለ የሳንቃ መድረክ ላይ ነው። 20 ደቂቃ መቆም፣ ትንሽ ማረፍ፣ እንደገና መቆም። ለእረፍት ሲወርዱ አንዱ ተማሪ የእግራቸውን ዙሪያ በጠመኔ ያሰምራል። ሲመለሱ እግራቸውን እዚያው መስመር ውስጥ ያስገባሉ። ምድጃው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ግራ ጎናቸው ሲጠበስ ቀኝ ጎናቸው ይንቀጠቀጣል። "ክንድሽን ወደ ላይ ያለሽን አስተማሪ ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም" ይላሉ። በአምስተኛው ደቂቃ ክንድሽን የጉንዳን መንጋ ይወረዋል።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። የቪየና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሴት ተማሪ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ከዚያ በፊት ራቁቷን መድረኩ ላይ የምትቆም ሴት ነበረች፤ ወንበር ስባ የምትስል ሴት ግን አልነበረችም። ይህን ሲነግሩኝ ፎጣውን ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ባለፈው መጋቢት አንድ ቅዳሜ፣ በእረፍት ቀኔ፣ "ባልደረቦቼን ልይ፤ ውሰጂኝ" አሉኝ። ባልደረቦቼ የሚሉት ሥዕል ውስጥ ያሉትን ሴቶች ነው። ካፖርታቸውን አለበስኳቸው፣ ከንፈራቸውን ቀይ ተቀቡ፣ ዊልቸሩን እየገፋሁ ወጣን።

ማሪያ ቴሬዚያ አደባባይ ላይ ሁለት ትልልቅ ሙዚየሞች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። አንደኛው የተፈጥሮ ታሪክ፣ ሌላኛው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ነው። እሳቸው "መጀመሪያ ትልቋን እንሳለም" ብለው ወደ ተፈጥሮ ታሪኩ አስገቡኝ። ትልቋ ያሏት ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። የቪለንዶርፏ ቬኑስ ትባላለች። ቪለንዶርፍ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለች መንደር ናት፤ እዚያ ተቆፍራ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከኖራ ድንጋይ የተጠረበች ናት። ዕድሜዋ ወደ 29,500 ዓመት ይጠጋል።

ወይ ውበት! ሆዷ ሙሉ፣ ዳሌዋ ሙሉ፣ ጡቷ ሙሉ። ቀጫጭን ክንዶቿን ጡቶቿ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሥራ ጨርሳ በረንዳ ላይ አረፍ ያለች ትመስላለች። ፊት የላትም። በፊቷ ፈንታ ጭንቅላቷን ዙሪያውን በረድፍ በረድፍ የተጠቀጠቀ ነገር ከቦታል። ኮፍያ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ጸጉር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሳያት ሹሩባ ነው። ለበዓል ዋዜማ የተሠራች ሹሩባ። እሳቸው ደግሞ እግሯን አዩ። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ምንም የለም። "እግር ሳይሠራላት ቁሚ ያላት ማን ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ካልደገፏት አትቆምም።

በፈረንጆቹ 2018 ፌስቡክ የዚህችን እናት ፎቶ የብልግና ምስል ነው ብሎ ከልክሎ ነበር። ሙዚየሙ ተቃወመ፣ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2021 ደግሞ የቪየና ቱሪዝም ቢሮ እንዲህ ያለው ክልከላ ሲመረው ሰው ራቁት ምስሉን ለከፋይ በሚያሳይበት ኦንሊፋንስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ገጽ ከፍቶ የከተማዋን ራቁት ሥዕሎችና ሐውልቶች እዚያ ለቀቃቸው። ይህን ስነግራቸው ሴትየዋ ዊልቸራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "በእኔ ጊዜ ይሄ ቢኖር የዓመት ኪራዬን በአንድ ሳምንት እከፍል ነበር" አሉ። ጥበቃው ዞር ብሎ አየንና እሱም ሳቀ።

አደባባዩን ተሻግረን በሊፍት ወደ ሥዕሎቹ ወጣን።

መጀመሪያ የኮሬጆ ሥዕል ፊት አቆምኳቸው። ወደ 1530 አካባቢ የተሠራ ነው። በጥንት ሮማውያን ተረት ዩፒተር የሚባለው አምላክ ኢዮ የምትባል ልጅ ወደደ። ሚስቱ እንዳታየው ጉም ሆኖ መጣ። ሥዕሉ ላይ ኢዮ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች፤ ጉሙ ወገቧን አቅፏታል። ጠጋ ብሎ ላየ ጉሙ ውስጥ የወንድ ፊት አለ፣ ሊስማት ከንፈሯ ላይ ደርሷል። የያዛት እጅ ደግሞ ጭስ የሆነ ትልቅ መዳፍ ነው። ሰው ጭስ አቅፎት እንዲህ ሲደሰት ሌላ ቦታ አላየሁም። የጀርባዋ ቆዳ አሁን ከውሃ የወጣ ይመስላል፤ እጄ ፎጣ ፈለገ። እሳቸው ግን ወገቧን ነው ያዩት። "እንዲህ ተጠምዝዞ 20 ደቂቃ አይቀመጡም። ከሥሯ ትራስ አድርገውላታል፣ እኔን ጠይቂኝ" አሉ።

ቀጥለን የቲንቶሬቶ ሥዕል ጋ ደረስን። እዚህ ረጅም ሰዓት ቆየን።

ስፋቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ሥዕል ነው፣ ከ1555 እስከ 1556 ባለው ጊዜ የተሠራ። አንዲት ሴት የአትክልት ቦታ ውስጥ ትታጠባለች። አንድ እግሯ ውሃ ውስጥ ነው። ፊት ለፊቷ መስታወት አለ፤ ማበጠሪያዋና ዕንቁዋ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ገላዋ ከሥዕሉ ውስጥ እንደ ፋኖስ ያበራል። ከጽጌረዳው አጥር በወዲህና በወዲያ ጫፍ ሁለት ሽማግሌዎች ይሰልላሉ። ጽሑፉን አነበብኩና ክው አልኩ። ሶስና ናት። የእኛዋ ሶስና! ከ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ በስሟ መጽሐፍ ያላት፣ አገር ቤት በስሟ የተጠራች ሴት የሌለችበት ሰፈር የማይገኝላት ሶስና።

እሳቸው ታሪኩን አያውቁትም። እዚያው ቆሜ አያቴ እንደምትነግረኝ አድርጌ ነገርኳቸው። ሶስና የኢዮአቄም ሚስት ናት። ሁለት ፈራጅ የሆኑ ሽማግሌዎች ተመኟት። ስትታጠብ ጠብቀው "እሺ ካላልሽን ከወጣት ጋር አየናት ብለን እንመሰክርብሻለን" አሏት። እምቢ አለች። ሞት ተፈረደባት። ያኔ ዳንኤል ሽማግሌዎቹን ለየብቻ አድርጎ "ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?" ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ውሸታቸው ወጣ፣ ለእሷ የደገሱት ሞት ለራሳቸው ሆነ። እሳቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። "ሁለት የተለያየ ዛፍ! ሞኞች!" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን አየናቸው። ቲንቶሬቶ አልማራቸውም። ወዲህ ያለው መሬት ለመሬት እየዳኸ ነው። ራሰ በራው ጭንቅላቱ ከአጥሩ ሥር እንደ ድንች ብቅ ብሏል። ፈራጅ የነበረ ሰው፣ ሲገባ የሚነሱለት ሰው፣ ሆዱን አፈር ላይ እየጎተተ! ወዲያኛው አጥሩ ጫፍ ላይ ተደፍቷል። አገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ክፉውን ሰው በጎን ይስሉታል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እነዚህን ቢያገኟቸው አንድ ዓይን እንኳ ይበዛባቸዋል ይሉ ነበር። እኔም ያን ቀን ገባኝ። ነውሩ አጥር ሥር ያሉት ላይ ነው። እሷ እየታጠበች ነው፣ በቃ። ሰው ይታጠባል።

አንድ ፎቶ አንስቼ የቤተሰብ ቴሌግራማችን ላይ ላክሁት። እህቴ ወዲያው "ኧረ በስመ አብ!" አለች። እማዬ ቆይታ በድምፅ መለሰች። "ሶስና ናት እንዴ? አይ እናቴ፣ ስትታጠብ መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹን ግን እንዴት አድርጎ ነው የሳላቸው!" አምስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት።

በዚያው ሳምንት ሌላዋን ሶስና በስልኬ ፈልጌ አየሁ። የሠራቻት አርቴሚዝያ ጄንቲሌስኪ ናት፤ በ1610፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለች። ሥዕሉ ጀርመን ፖመርስፌልደን ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ጽጌረዳ የለም፣ ዕንቁ የለም። ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፣ በላይዋ ሁለት ወንዶች እየተንሾካሾኩ ጎንበስ ብለውባታል። ፊቷን አዙራ እጆቿን ሽቅብ ትገፋለች። አፏ ሳይከፈት "ተዉኝ" ስትል ይሰማል። ይህች የምታስቅ አይደለችም። ለእሳቸው ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አበሱ። "ይህቺ ልጅ ራሷ ቆማ ታውቃለች" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ድካም ጀምሯቸው ነበር። ሌላው ሙዚየም ወዳሉት የሠዓሊው የሺለ ሴቶች ልውሰድዎ ስላቸው "የእሱ ሴቶች አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ምሳ ያምረኛል" አሉኝ። ግን አንድ ቀርታለች አሉ። የሩበንስ ሚስት።

ሠዓሊው ፔተር ፓውል ሩበንስ በ1630 ሄለናን ሲያገባ እሱ 53 ዓመቱ ነበር፣ እሷ 16። ይህን ሳነብ ከፋኝ፣ አሁንም ይከፋኛል፤ 16 ልጅነት ነው። ሥዕሉ የተሠራው ግን ከ1636 እስከ 1638 ባለው ጊዜ ነው። ያኔ የልጆች እናት ሆናለች። ቁመቱ 1 ሜትር ከ76፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት እንደመቆም ነው። ሄለና ቀይ ጨርቅ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። ራቁት ገላዋ ላይ ጥቁር ለምድ ጣል አድርጋለች፣ አንድ እጇ ደረቷን አቋርጦ ለምዱን ይዟል። ሩበንስ ራሱ ሥዕሉን "ትንሿ ለምድ" ይለው ነበር። በኑዛዜው ለእሷ እንዲሰጥ አዘዘ። በ1640 ሲሞት ሥዕሉ ለእሷ ቀረ።

ጉልበቷን አየሁት። ጉልበቷ ላይ ያለው ሥጋ ተጨማዷል፣ ትንንሽ ጎድጓዳ አለው። ሆዷ ወደ ፊት ወጣ ብሏል። ይህን ጉልበት አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ አደርቀዋለሁ። በዘመኑ ዕውቅ የነበረ፣ ነገሥታት የሚያሠሩት ሠዓሊ የሚስቱን ጉልበት አላስተካከለውም። እንዳለ ወደደው፣ እንዳለ ሣለው። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ቀስ ብዬ "ተሸፍና ማፈሯ ደስ ይላል" አልኳቸው።

እሳቸው ወደ ሥዕሉ አስጠጊኝ አሉ። ክንዷን አዩ፣ ትከሻዋን አዩ፣ የእግር ጣቶቿን አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ።

"ማፈር አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ። "ሴትየዋ ብርድ ብርድ ብሏታል። ትከሻዋ ወደ ላይ መጥቷል፣ አየሽ? ምድጃው በዚያ በኩል ነበር።" እጃቸው ወደ ግራ ጠቆመ። "ቶሎ በል፣ በረደኝ እኮ፣ እያለችው ነው። እሱ ደግሞ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ይላታል።"

ከዚያ ወዲያ ሥዕሉን ሌላ አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ቡና ጠጥተን፣ ኬክ በልተን፣ ወደ ቤት ገባን።

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ላጥባቸው ሄድኩ። ከገንዳው አውጥቼ የግድግዳውን መያዣ አስጨበጥኳቸው። ቡናማውን ትልቅ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል ሳደርግ ነቃ አሉ። ነጻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሻግረው የፎጣውን ጫፍ ያዙ። ትከሻቸውን ከፍ፣ አገጫቸውን ዞር አደረጉ። ያ ጀርባ ቀጥ አለ። ዓይኔን ጣሪያ ላይ አልሰቀልኩም። አየኋቸው።

"ያምርብኛል?" አሉ።

"በጣም" አልኳቸው። "ግን ይበርድዎታል።"

"አንድ ደቂቃ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ታች አዩ። እርጥብ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ታትሟል፣ አሥሩም ጣት ሳይቀር። "ጠመኔ አያስፈልግም። ነገ እዚሁ ላይ ታቆሚኛለሽ" አሉ።