የግቢ ድመቶች ርክክብ

በመሀል አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ለአሥር ድመት ምግብ ሲያቀርብ የኖረ ሰው አንድ ቀን ከቦታው ይነሳል። ጡረታ ይወጣል፣ ይታመማል፣ መሥሪያ ቤቱ ይዛወራል፣ ወይም ሰፈሩ ይፈርሳል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ግን አብረው የሚጫኑ አይደሉም። የጎዳና ድመት የምታውቀው ቦታዋን ነው። በየትኛው አጥር እንደሚዘለል፣ የትኛው ውሻ የት እንደሚያድር፣ ዝናብ ሲመጣ የትኛው ደረጃ ሥር እንደሚገባ ታውቃለች። እንክብካቤውም ከቦታው ጋር መቅረት አለበት። ይህ በስንብት ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ በደንብ ለማስረከብ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል።

ተረካቢ ሲፈለግ የተለመደው ስህተት ድመት ወዳጅ መፈለግ ነው። ገርጂ የሚኖር ድመት ወዳጅ ሁለት ሳምንት አራት ኪሎ ይመላለሳል፣ ከዚያ ትራንስፖርቱ ያሸንፈዋል። ድመት ብዙም ባይወድ እንኳ በየቀኑ እዚያው የሚገኝ ሰው ይሻላል፤ ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የካፌ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ በር ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ እናት።

ጥበቃ ላይ ሁለት ነገር ይታሰብበት። ብዙ ቦታ ጥበቃ 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት ያርፋል፤ አንዱን ብቻ ያነጋገረ ሰው ድመቶቹን አንድ ቀን አብልቶ አንድ ቀን አስጾመ ማለት ነው። ሁለቱንም ፈረቃ ለየብቻ ማነጋገር ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ጥበቃዎቹ የኤጀንሲ ከሆኑ ውሉ ሲቋረጥ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይቀየራሉ። ስለዚህ ከጥበቃዎቹ ሌላ የግቢው ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ሰው ሥራ ማብላት አይደለም፤ አዲስ ጥበቃ ሲመጣ የድመቶቹን ነገር መንገር ብቻ ነው።

አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «ጋሼ፣ ድመቶቹን አደራ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ አደራን እምቢ የሚል ሰው ስለሌለ መልሱ ሁልጊዜ «እሺ ልጄ» ነው። ግን ምን እንደተቀበሉ እርሳቸውም አያውቁም። «ጋሼ፣ እርስዎ በሚገቡበት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዚህ ሲኒ ሃያ ጊዜ ሰፍረው በሁለቱ ትሪ ቢያደርጉልኝ፣ 1 ሰዓት ላይ ትሪውን ቢያነሱልኝ» ሲባሉ የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይተው ይናገራሉ። የማይችሉ ከሆነ ያን ዕለት ማወቁ ከወር በኋላ ከማወቅ ይሻላል። ለድካማቸው በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ከምግቡ ገንዘብ ይለይ፤ ምግቡም በዓይነት ይቅረብ እንጂ «ግዙላቸው» ተብሎ ብር አይተው። ደመወዙ ለማይበቃው ሰው የድመት ምግብ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ማስቀመጥ ፈተና መስጠት ነው፤ አግባብም አይመስለኝም።

የምግቡን መጠን በቁጥር መተው ያስፈልጋል። አራት ኪሎ ግራም የምትመዝን አዋቂ ድመት በቀን 60 ግራም ገደማ ደረቅ የድመት ምግብ ይበቃታል፤ ለአሥር ድመት 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ ማለት ነው። አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ 30 ግራም ያህል ይይዛል፤ ሲኒ ከሲኒ ስለሚለያይ አንዴ ሱቅ ሚዛን ላይ ይረጋገጥና ያው ሲኒ ከምግቡ ባልዲ ውስጥ አይውጣ። ባልዲው አይጥ እንዳይገባበት በደንብ የሚገጥም ክዳን ይኑረው።

ደረቁ ምግብ ከአቅም በላይ ከሆነ የበሰለ ይሆናል። ለአሥር ድመት በቀን ሁለት ኪሎ ያህል፣ ሦስት እጁ ሥጋ አንድ እጁ ሩዝ። ሳንባ ርካሽ ነው፤ ድስት ሞልቶ ሲኩረፈረፍ ብዙ ይመስላል እንጂ ብቻውን አያጠግብም፣ ከልብና ከሥጋ ቁርጥራጭ ጋር ይቀላቀል። ድመት ከሥጋ ካላገኘችው ዓይኗና ልብዋ የሚጎዳ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በብዛት የሚገኘው ልብ ውስጥ ነው፣ ሲቀቀልም ወደ ውሃው ይወጣል። ስለዚህ የተቀቀለበት ውሃ አይደፋ፤ ሩዙ በእርሱ ይብሰል። ጉበት በሳምንት ከሁለት ቀን አይብለጥ። አጥንት ስለማይገባበት ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመር። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ፈጽሞ አይግባ። ከሆቴል የሚመጣ የወጥ ትራፊ ድመትን ቀስ በቀስ ደም የሚያሳንሳት በሽንኩርቱ ምክንያት ነው፤ በርበሬው ከዚያ በኋላ ነው። ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የታረደው ከብት በሽታ ይኑርበት አይኑርበት ስለማይታወቅ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይሰጥ።

አዲስ ተረካቢ ሳያስብበት የሚደርስበት ነገር ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ልኳንዳ ቤት ይዘጋል፣ የካፌው ትራፊ ምስርና ሽሮ ይሆናል፣ ከቆሻሻ ገንዳም ሥጋ ይጠፋል። ድመቶቹ ከሰው እጅ በስተቀር ምንም የማያገኙት በእነዚህ ሳምንታት ነው። በፍልሰታ በነሐሴ ዝናብ መሀል፣ በነቢያት ጾም ደግሞ በኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ መሀል ይደገማል። የሁለት ወር ደረቅ ምግብ ከጥር መጨረሻ በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ አንዱ መንገድ ነው፤ ሌላው በአቅራቢያ ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። ወጪውን ሦስት አራት ሰው በዕቁብ መልክ በወር በወር ቢያዋጣ፣ ገንዘብ ያዡ ከሚያበላው ሰው የተለየ ቢሆን፣ የሁለት ወር ወጪም መጠባበቂያ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። አንዱ አዋጭ ሲጠፋ የሚቀንሰው የድመቶቹ ምሳ መሆን የለበትም።

ቦታው ከግቢ ውስጥ ይሁን። አሁን በመሀል ከተማ በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና አበባዎች ላይ ምግብ ማስቀመጥ ከደንብ አስከባሪ ጋር ያጣላል፣ ለድመቶቹም ጠላት ያፈራል። ትሪው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ በሰፊ የግንብ ጫፍ ወይም ግድግዳ ላይ በተመታ ጣውላ ቢቀመጥ ውሻ አይደርስበትም። ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የተረፈ ምግብ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ የአይጥ መርዝ ይጠራል፣ መርዙን የበላችውን አይጥ የምትበላው ደግሞ ድመቷ ናት። ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ ይኑር፣ ከምግቡ ራቅ ብሎ።

ድመቶቹን ሳይመክኑ፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና እንዳይወልዱ ሳይደረጉ፣ ማስረከብ ችግር ማስረከብ ነው። የድመት እርግዝና 63–65 ቀን ነው፤ ሴቷ ከአራት አምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እያጠባችም ታረግዛለች። በሰሜኑ ዓለም ቀኑ ሲያጥር መውለዱ ጋብ ይላል። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መሀል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ይወለዳል። አሥር ድመት የተቀበለ ሰው በዓመቱ ሃያ ካገኘ ያቆማል፣ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

የማምከኑን ሥራ የሚሄደው ሰው ይጨርሰው። ድመት ወጥመድ ውስጥ ያስገባትን ሰው ድምፅና ሽታ አትረሳም፤ ፍርሃቱን ይዞት ይሂድ፣ ተረካቢው በንጹሕ እጅ ይጀምር። ወጥመዱን ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል፤ ርዝመቱ 80፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያልሰፋ፣ አፍንጫዋን እንዳትልጥ። በሩ ታስሮ ክፍት እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ምግባቸውን ውስጡ ይብሉ። ከመያዣው ቀን በፊት ምግብ 24 ሰዓት ይቋረጥ፣ ውሃ አይቋረጥ። በሩ እንደወደቀ ወጥመዱ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን፤ ስትጨልምባት ትረጋጋለች። ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። ስፌቱ ራሱ በሚሟሟ ክር ይሁን፣ ክር ለማስወጣት ዳግም አትያዝምና። የግራ ጆሮዋ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ከሩቅ ስትታይ ጆሮዋ እንደ መቀስ ሥራ ቀጥ ያለ ከሆነ መክናለች ማለት ነው፣ ሁለተኛ ሆዷ አይከፈትም። በዚያው ማደንዘዣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትውሰድ፣ ከሦስት ወር ዕድሜ በላይ ከሆነች። ክትባቱ ከፍሪጅ ሲወጣ ማየት ነውር አይደለም። ከዚያ ወንዱ 24፣ ሴቷ 48 ሰዓት በተሸፈነ ቦታ ትቆይ። ጡቷ ያበጠና ፀጉሩ ዙሪያውን የተላጠ ከሆነ ግን ግልገሎች አሏት፤ በደንብ እንደነቃች በቶሎ ትለቀቅ።

መንከስና መቧጨር ሲያጋጥም ተረካቢው ማድረግ ያለበትን ቃል በቃል ይወቅ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ፣ ድመቷን አለመግደልና 10 ቀን መከታተል። ለሰው የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚገኝበትን ቅርብ ቦታ ሳይነከሱ በፊት ጠይቆ መጻፍ ነው። ጸበል የሚሄድም ቢኖር ከክትባቱ ጋር ይሁን፣ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ይህ ሁሉ በደብተር ይሰፍራል። ስልክ ይሰረቃል፣ ይቀየራል፤ ጥበቃ ቤቱ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ደብተር ይቆያል። ለእያንዳንዷ ድመት አንድ ገጽ ይበቃል። መልኳ ቁርጥ ባለ ቃል ይጻፍ፤ ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ዥጉርጉር፣ ደረቷ ነጭ። ሦስት ቀለም ያላት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሴት ናት። ጾታ፣ የመከነችበትና የተከተበችበት ቀን፣ ከየት በኩል እንደምትመጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የክልክል መድኃኒት ይጻፍ፤ ፓራሲታሞል ግማሽ ፍሬ እንኳ ድመት ይገድላል፣ ለከብት መዥገር የሚሸጠው ዲያዚኖንና ለውሻ ቁንጫ የሚሆን ፐርሜትሪንም እንደዚያው። በቅንነት የሚሰጡ ስለሆኑ ነው ደምቀው መጻፍ ያለባቸው።

ርክክቡ ራሱ ሁለት ሳምንት ነው። አምስት ቀን ነባሩ ያበላል፣ አዲሱ ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል። ቀጣዩን አምስት ቀን ቦታ ይቀያየራሉ። ከዚያ አዲሱ ብቻውን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ትሪ፣ ትሪውንም በዚያው ማንኪያ እየመታ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቱ ይጠፋሉ፤ እስከ አሥር ቀን ድረስ ተሸሽገው የሚጠብቁ ናቸው።

ግቢው የሚፈርስ ከሆነ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ድመቶችን ጭኖ ሩቅ ቦታ መልቀቅ መንገድ ላይ መግደል ነው፤ ለመመለስ ይሞክራሉና። የግድ ከሆነ አዲሱ ቦታ ሦስት ሳምንት ያህል በዝግ ክፍል ማቆየት ይጠይቃል። የሚሻለው አጎራባች የማይፈርስ ግቢ አስፈቅዶ ትሪውን በየቀኑ ሦስት አራት ሜትር ወደዚያ ማራቅ ነው፤ መቶ ሜትር በወር ይሻገራል። ማሽን ከመግባቱ በፊት ባለው ምሽት የድሮ ጭቃ ቤቶች ኮርኒስ ይፈተሽ። እናት ድመት ግልገሎቿን የምታኖረው ከአቡጀዲው በላይ፣ የማድ ቤቱ ጭስ በሚያሞቀው ጥግ ነው። አቡጀዲው ወደ ታች የረገበበት፣ ቢጫ እድፍ ያለበት ቦታ ካለ እዚያ ናቸው። ዓይናቸው ያልተገለጠ ከሆኑ እናታቸው ሳትያዝ አይወሰዱ፤ ወጥመዱን ከግልገሎቹ ሳጥን አጠገብ አድርጎ መጠበቅ ነው። ባይያዙ እንኳ የቆርቆሮው አንድ ጫፍ ተነቅሎ ይተው፤ ሌሊቱን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ታወጣቸዋለች።