ዜሮውን እይልኝ

ቅዳሜ ጠዋት ከቺካጎ ወደ ሴንት ሉዊስ ስንወርድ ፈጣኑን መንገድ ትቼ ሩት 66 ወደሚባለው አሮጌ አውራ ጎዳና ታጠፍኩ። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጄ ከስልኩ ቀና ብሎ "እዚህ ምን አለ?" አለኝ። "ነዳጅ ማደያ" አልኩት። ነዳጃችን ሙሉ መሆኑን በጣቱ አሳየኝ። እውነቱን ነው።

ኦዴል የምትባለው መንደር ውስጥ ያለው ማደያ እ.ኤ.አ. በ1932 የተሠራ ነው። ማደያ አይመስልም፤ በነጭ ቀለም የተቀባ ትንሽ የሰው ቤት ነው፣ ጣሪያው ወደ ፊት ወጥቶ ለመኪና ጥላ የሚሆን። ያኔ ኩባንያዎቹ ሆን ብለው እንዲህ ያሠሩ ነበር፤ ሰፈርተኛው ማደያ መጣብኝ ብሎ እንዳይከፋው። ዛሬ መንገዱ መሃል ውሻ ቢተኛ የሚቀሰቅሰው የለም። በ1930ዎቹ ግን የመኪናው ጎርፍ አላሻግር ስላለ በ1937 ለእግረኛው ከመንገዱ ሥር መተላለፊያ ተቆፍሮለታል። በኋላ አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን በጎን አልፏት ሄደ። ማደያው በ1960ዎቹ ቤንዚን መሸጥ አቆመ፣ አሁን ቱሪስት ይጎበኘዋል።

ሁሉም ነገር ተጠርጎና ተቀብቶ ንጹሕ ሆኗል። ምንም አይሸትም። ይኼ ነው ያልተዋጠልኝ።

የእኔ ማደያ ይሸት ነበር። ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ከላቫጆው የሚመጣ እርጥብ አፈር፣ ከጎሚስታው ዘንድ የጎማ ማጣበቂያ። አባቴ ሴይቼንቶ የምትባል ትንሽ ፊያት መኪና ነበረችው። ወደ ደብረ ብርሃን፣ አያቴ ዘንድ ስንሄድ ከከተማ ሳንወጣ አጂፕ ማደያ ጋ እንቆማለን። ቢጫው ሰሌዳ ላይ እሳት የሚተፋ ጥቁር ውሻ አለ፤ እግሩ ስድስት ነው። በሄድን ቁጥር እቆጥረዋለሁ፣ አንድ ቀን አራት ሆኖ ይገኝ ይሆናል ብዬ። ሴይቼንቶ ሞተሯ ከኋላ፣ ነዳጇ ከፊት ነው። ስለዚህ ቀጂው የፊቱን ኮፋኖ ከፍቶ፣ በእጁ ያለውን ጨርቅ ከክዳኑ ሥር ይዞ፣ ጠብታ እንዳይፈስ ጎንበስ ብሎ ነው የሚቀዳው። አባቴ ከመውረዱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ "ዜሮውን እይልኝ" ይላል። ሮጬ ፓምፑ ፊት እቆማለሁ። ቁጥሮቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ተገልብጠው ዜሮ ላይ ሲሰለፉ "ዜሮ ነው!" ብዬ እጮሃለሁ።

ቀጂውን አይጠረጥረውም እኮ። በስሙ ይጠራዋል፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ይጠይቀዋል፣ ነዳጅ በኩፖን በነበረበት ዘመን እንኳ ሰልፉ ላይ ቆመው ሲሳሳቁ አይቻለሁ። ግን አንድም ቀን "ዜሮውን እይልኝ" ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

ይህን ያስታወሰኝ አሮጌ ፓምፖች ከተደረደሩበት ቦታ ያየሁት ባለ ብርጭቆ ፓምፕ ነው። በ1920ዎቹ ቤንዚኑ በእጅ እየተገፋ ሰው ራስ በላይ ወዳለ ትልቅ የመስታወት በርሜል ይወጣል፤ በርሜሉ ላይ እስከ አሥር ጋሎን የሚደርስ ምልክት አለ፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ መኪናው ይወርዳል። ፎቶው ላይ ሲያዩት ያምራል። የተሠራው ግን ለውበት አይደለም፤ ገዢው "አጉድለህብኛል፣ ውኃ ቀላቅለህብኛል" ስለሚል በዓይኑ ዓይቶ እንዲከፍል ነው። ድሮ ሰው ይተማመን ነበር የሚሉኝ ዘመዶቼ ይህን ፓምፕ ባዩት።

ደግሞ ኦዴል በሩ ላይ ቆሜ ልጄ ፎቶ ሲያነሳኝ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ቪክቶር ግሪን የተባለ የኒውዮርክ ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ለጥቁር መንገደኞች የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት መቆም እንደሚችሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ኤሶ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ማደያዎች ያድሉት ነበር። ገንዘብህን ተቀብሎ ሽንት ቤቱን የሚከለክልህ ማደያ ስለነበረ ነዋ። እኔና ልጄ ያኔ ብንሆን ታንካችንን ከቺካጎ ሞልተን፣ ፌስታል ውስጥ ምሳ ቋጥረን፣ ሳንቆም ነበር የምናልፈው።

እንደመጣሁ ሰሞን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ማደያ የሌሊት ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ከምናምን። አንድም መኪና ነክቼ አላውቅም፤ ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ ተቀምጬ በመሳቢያ ብር እቀበላለሁ፣ በመሳቢያ መልስ እሰጣለሁ። በዚያኛው ዘመን መስታወት ውስጥ የነበረው ቤንዚኑ ነበር፤ በእኔ ጊዜ እኔ ገባሁበት። አባቴ ስልክ ደውሎ "ነዳጅ ትቀዳለህ ወይ?" ሲለኝ "አይ፣ ራሳቸው ናቸው የሚቀዱት" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

ስፕሪንግፊልድ ስንደርስ ነዳጁ ከግማሽ ወርዶ ነበር። ልጄ ካርዱን ከእጄ ወስዶ አስገባ፣ የፓምፑን አፍ ከመኪናው ሰካ። እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

"ምን እያየህ ነው፣ አባዬ?"

"ዜሮውን።"

"ሁልጊዜም ዜሮ ነው እኮ" አለኝና መቅዳት ጀመረ።